ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ቦታው መሐል ሜዳ፤
አጀንዳው አንድ ነው፤ የጤና መድኅን ዕዳ።
የጓሳ ንፋስ ነው ቀድሞን የገባው ካዳራሽ፣
በተሰበረው መስኮት፣ ሳይፈርም፣ ያለ መልስ፣ ያለ አስታዋሽ።
እኛ ግን ፈረምን።
የሚጽፈው በብዕር፣ የማይጽፈው በአውራ ጣት፣ ቀለም እየነካ፤
መምጣትና መስማማት አንድ ኖሯል ለካ!

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር፣
ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የምፈለግ፣ እጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር።

ከወረዳው የመጣው ሙሉሰው፣ የኛው ልጅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ደብዳቤውን አነበበ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፦
«መዋጮው ከስድስት መቶ ወደ ሺህ ሦስት መቶ አድጓል።
መነጽር፣ ክራንች፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣
ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት፣
እነዚህ ተጨማሪ ጥቅሞች ናቸው፤ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ቀርተዋል።»

ጋሽ ዘርጋው ተነሡ፤ ባና ሠሪው።
(የግማሹን ሰው ትከሻ ያለበሰው የእሳቸው እጅ ነው።)
«ልጄ፣ ተጨማሪ ማለት እኮ ምራቂ ነው፤ ገበያ ላይ
አንድ ቁና ገብስ ሰፍረህ፣ እፍኝ ስትጥል ከላይ።
ዐይን ምራቂ ነው ወይ?
ያለ መነጽር እኔ ማጉን ከድሩ አልለይም፤
ካልሸመንኩ ደግሞ ያን ሺህ ሦስት መቶ አልከፍልም።
ከየቱ ልጀምር? አንተው ንገረኝ።»

ሰው ሳቀ። ሙሉሰውም ሳቁ ከንፈሩ ደርሶ ተመለሰ።
ጥላዬ ግን አልሳቀም፤ ቆመና ፊቱን በመዳፉ አበሰ።
ሴት ልጁ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ገና አሥራ አንዷ ነው።
ሆስፒታሉ «አልቋል» ሲል ከውጭ ገዝቶ፣ ደረሰኝ ይዞ የሚመለሰው እሱ ነው።
«አንድ በግ ሸጥኩ፤ ደገምኩ፤
አሁን የቀረኝ ጉሮኖው ነው። ጉሮኖ የሚገዛ አለ?»

ያኔ ነው አዳራሹ የተነሣ።
«አንከፍልም መች አልን? ስንከፍል ኖረናል!
ጤነኛ ሆነን ከፍለን፣ ስንታመም ቀርቷል ተብለናል!»
ከኋላ አንዱ ደብተሩን ወረወረ፤ ሌላው ተከተለ፤
ቢጫው የመድኅን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ክምር አከለ።
ሙሉሰው ሊሰበስብ እጁን ሰደደና
አንዱ ላይ ቀረ። ፎቶውን አየ።
እናቱ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ክራንቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው
መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

«ጻፍ» አለኝ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ተሰብሳቢው ተወያይቶ ተቀበለ በል።
አቴንዳንሱ ይያያዛል።»

ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ ሰሙት። መጡ።
አውራ ጣታቸው ሐምራዊ ነው፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም፤
«ጣቴን መልስልኝ። ለመምጣት ሰጠሁ እንጂ ለመቀበል አልሰጠሁም!»
ወረቀቱን ሳቡት። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው
አሻራቸውን ፈተጉት፤ ፈተጉት።
አልጠፋም።
ሰፋ እንጂ፤ ከላይም ከታችም ስምንት ስም ዋጠ፣ የኔንም ጨምሮ።

ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ሌሊቱን ልገለብጥ ተቀምጫለሁ፤ ውርጩ በቆርቆሮው ይንኳኳል።
አማርኛችን ግሡን ለመጨረሻ ያቆያል፤
ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እላቸዋለሁ፣
ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ሰውየው ይሙት ይዳን አይታወቅም።
«ተሰብሳቢው የቀረበለትን ማሻሻያ በጥልቀት ተወያይቶ፣»
እዚህ ደርሼ ቆምኩ።
ግሥ የማስተምር ሰው፣ ግሥ ፈርቼ!

ሙሉሰው ጧት ሁለት ሰዓት ይመጣል፣ ማኅተሙን ይዞ።
ቀለም አለኝ።
ቦታም አለ፣ መስመሩ ዳር፣ ለአንድ ቃል የሚበቃ።